ከቤት በእግር መውጣት ቢመጣ ምን እንያዝ? ለሰሜን ሸዋ ሰው የተጻፈ ማብራሪያ

ሰሜን ሸዋ ላይ «ድንገት ከቤት ብንወጣስ?» ብሎ ማሰብ ሟርት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል። በ1998 መግቢያ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ገበሬ ቤትና ማሳውን አጣ። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ተመመ። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

እንዲህ ባለ ቀን መኪና ላይገኝ ይችላል። ቢገኝ ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ ቢኖር መንገዱ ተዘግቷል። የቀረው እግር ነው። ቀድሞ ቦርሳ ያዘጋጀ ቤተሰብ በአሥር ደቂቃ ይወጣል። ያላዘጋጀ ሳጥን እየከፈተ ይዘጋል፣ ብርድ ልብስ ያነሳል ይጥላል፣ በመጨረሻ የማይጠቅመውን ይዞ የልጁን መድኃኒት ጥሎ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ስለዚህ ቦርሳ ሲነሳ ወዲያው «ምን ምን ልያዝ?» ይላል። እኔ ጥያቄው ከዕቃው መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። ማን ነው የሚሸከመው? በየትኛው መንገድ ነው የሚሄደው? እነዚህ ሁለቱ ሲመለሱ ዕቃው ራሱ ይለያል።

መጀመሪያ ትከሻው

ጤነኛ አዋቂ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ መሸከም ያለበት ከራሱ ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከ8 እስከ 11 ኪሎ ማለት ነው። ልጅ ከክብደቱ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ባይሸከም ይሻላል። «ሃያ ሊትር ጀሪካን ከወንዝ አመላልስ የለ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ግን ያ ከወንዝ እስከ ቤት ነው። እዚህ የምናወራው ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚሄድ፣ በነጋታውም ስለሚቀጥል መንገድ ነው።

ስለዚህ ቦርሳውን ሞልታችሁ ሰፈር ያለ እህል ነጋዴ ጋ ውሰዱና ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ቁጥሩን ስታዩ ብዙ ነገር ራሳችሁ ትቀንሳላችሁ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ጀርባዋ ተይዟል። አንቀልባው ከኋላ ነው፤ በጀርባ የሚነገት ቦርሳ ለእሷ ምንም አይሠራም። ለእሷ የሚሆነው በአንድ ትከሻ ተሻግሮ ጎን ላይ የሚያርፍ ኮሮጆ ነው፣ ከ4 ኪሎ ያልበለጠ። የሷን ድርሻ ሌላው ሰው መያዝ አለበት። ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ ቤተሰቡ የሚይዘው ዕቃ በሷ አቅም ልክ ይቀነሳል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በዚያች ቀን በር ላይ ቆሞ ከመከራከር ያድናል።

የጀርባ ቦርሳ የሌለው ቤት ማዳበሪያ አያጣም። ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ውሰዱ። በሁለቱ የታች ጥጎቹ ከውስጥ እንቁላል የሚያክል ጠጠር አስገቡ። ጠጠሩን ከውጭ በገመድ አንቃችሁ እሰሩት፤ ጠጠሩ ስለሚይዘው ገመዱ አያመልጥም። ከዚያ ሁለቱን ገመዶች ወደ ላይ ስባችሁ ከታሰረው የከረጢቱ አፍ ጋር አቋጥሯቸው። ሁለት ማንገቻ ሆነ። ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ክፍል በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ገመዱ ሥጋ ይቆርጣል። ከውስጥ አንድ ትልቅ ላስቲክ ከተነጠፈ ዝናብ አያስገባም። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ መሐል ላይ አድርጉት፤ ታች ከወረደ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ከዚያ መንገዱ

የኛ አገር መንገድ ሜዳ አይደለም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደብረ ብርሃን ለመግባት 90 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድና ጣርማ በርን መሻገር ያስፈልጋል።

ጠንካራ ሰው ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በየ600 ሜትሩ ሽቅብ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ልጅና ሽማግሌ ያለበት ቤተሰብ ግን በሰዓት ሁለት ተኩል ከሄደ ጥሩ ነው። ስሌቱን ሥሩት፦ 90ን ለሁለት ተኩል 36 ሰዓት፣ በዚያ ላይ የዳገቱ ከሦስት ሰዓት በላይ። በቀን 8 ሰዓት ቢሄዱ አምስት ቀን ነው። አምስት ቀን የሚበቃ ስንቅና ውሃ ማንም አይሸከምም። ቦርሳው ለሦስት ቀን ይዘጋጃል፤ ለቀረው መንገድ ላይ ውሃ የት እንዳለ፣ ዘመድ የት እንዳለ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር የወጣ ሰው ከ10 ዲግሪ በላይ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ይገባል፣ በዚያ ላይ ጉምና ነፋስ አለ። ከቆላ በቲሸርትና በነጠላ ጫማ የተነሳ ሕፃን እዚያ ላይ ሲደርስ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ቆላ የሚኖር ሰው ቦርሳውን ለደጋ ነው የሚያዘጋጀው።

ብርድን የሚያከፋው እርጥበት ነው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ሙቀት አይይዝም፣ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል። ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። የመንዝ ሰው በባናው በዝተቱ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ለጉዞ ሙሉ ዝተት ስለሚከብድ ከሰልባጅ የሱፍ ሹራብና ኮፍያ ለእያንዳንዱ ሰው ግዙ። ጋቢው ይያዝ፣ ግን በላስቲክ ታስሮ፤ ማታ ደረቅ ልብስ የመልበስን ያህል የሚያድን ነገር የለም። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ላስቲክ ከላይ ዝናብ፣ ከታች የመሬት ቅዝቃዜ ይከላከላል። ከሥር ሣር ወይም ቅጠል ካነጠፋችሁ ደግሞ የበለጠ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስፈራው ወባ ነው። አጎበር ቀላል ነው፣ ተጣጥፎ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ቆላ ካደሩ ከሳምንት በኋላ ትኩሳት የተነሳበት ሰው «ድካም ነው» ሳይል ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ክረምት ከሆነ ወንዙ አለ። መርሐቤቴ በኩል ያለ ሰው ጀማን ያውቃል፣ ቀወትና ኤፍራታ ያለውም የራሱን ወንዞች። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት መሻገር ይሻላል። ከጉልበት በላይ የሆነና የሚምዘገዘግ ውሃ ውስጥ ማንም አይግባ። ግማሽ ቀን መጠበቅ ይሻላል።

ውሃ

ውሃ የቦርሳው ከባዱ ነገር ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ቅናሽ የለውም። የሚሄድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ይፈልጋል፣ ቆላ ላይ ከዚያም በላይ። የሦስት ቀኑን መሸከም ስለማይቻል በአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይዞ መውጣትና መንገድ ላይ እያከሙ መሙላት ነው። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ከአንድ ትልቅ ጀሪካን ይሻላል፤ አንዱ ቢፈስ አንዱ ይተርፋል።

የወንዝ ውሃ የጠራ ቢመስልም ሳይታከም አይጠጣ። ከደፈረሰ መጀመሪያ በታጠፈ ነጠላ ይጠለል። ማፍላት ከተቻለ ቆላ ላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ነው። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ጊዜ መጨመር አለበት።

እንጨት ከሌለ ውሃ አጋር ወይም የውሃ ማከሚያ እንክብል ያዙ። እንክብሉ በመጠን ይለያያል፣ አንዱ ለጥቂት ሊትር ሌላው ለጀሪካን ነው፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡና መጠኑን አሁኑኑ በትልቁ ጻፉበት። ከጨመሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሁለቱም ከጠፋ የጠራውን ውሃ ቀለም በሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት ማስተኛት ብዙውን ጀርም ይገድላል። ደመናማ ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. ከያንዳንዱ ቦርሳ አይታጣ። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር የታከመ ውሃ ነው። ካለቀ በአንድ ሊትር ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ማብዛት ልጅን ይጎዳል፣ በእጅ እየዘገኑ አይሆንም።

ስንቅ

በዚህ በኩል ሰሜን ሸዋን የሚያስተምረው የለም። ገብስ አለን። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጥርስ የሌለውም ይበላዋል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ብስኩት ከእሱ ጋር አይወዳደርም።

አንድ አዋቂ በቀን 2,100 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይህ ከደረቅ በሶ 600 ግራም ገደማ ነው፣ ለሦስት ቀን ወደ ሁለት ኪሎ። ጭኮ ሲሆን ግን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቅባት ከእህል በእጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይይዛልና። 400 ግራም በሶ ውሰዱ። 80 ግራም ንጥር ቅቤ አቅልጣችሁ በላዩ እያፈሰሳችሁ እሹት። ጨው፣ ቢፈለግ ትንሽ በርበሬ። ጭብጥ ስታደርጉት ተያይዞ ከቀረ ደርሷል። 480 ግራሙ ያንኑ የቀን ኃይል ይሰጣል። ለጾም ቅቤው በዘይት ይተካል። ጭብጥ ጭብጡን በትንንሽ ፌስታል ለየብቻ ቋጥሩት፤ በቀን ስንት እንደሚበላ ሕፃንም ይገባዋል።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ እየሄዱ ለመቆርጠም ጥሩ ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን ቆሎ አትስጡ፣ ያንቃል። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ፣ ድርቆሽ ለቀሩት። ሽሮና ምስር ተዉት፣ ድስትና እንጨት ይፈልጋል።

እግር

አዲስ ጫማ አታስቀምጡ። ለምዳችሁ የምትረግጡበት ሸራ ጫማ ወይም ቡትስ ይሁን። ኮንጎ ጫማ ከሆነ ወፈር ያለ ካልሲ አብሮ ይያዝ፣ ላብ ያለበት ፕላስቲክ በግማሽ ቀን ይልጣል። የሞቀ፣ የፈጀ ነገር ሲሰማችሁ ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ጊዜው አልፏል። ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ አንዱ እግር ላይ አንዱ ቦርሳ ላይ እየደረቀ።

መድኃኒት

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ የሁለት ሳምንት ከቤቱ እንዳይጠፋ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ካርዱና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይሂድ፤ ሌላ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ከባዶ እንዳይጀምር።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ለብቻው ይጠንቀቅ። አብዛኛው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ቆላ ላይ በላስቲክ አሽጉትና እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ ያዙት፤ ነፋሱ ጨርቁን ሲያደርቅ ያቀዘቅዘዋል። ደጋ ላይ በውርጭ ሌሊት ደግሞ እንዳይረጋ ልብስ መሐል ይደር። አንዴ የረጋ ኢንሱሊን አይሠራም። ከረሜላ ወይም ስኳር ኪስ ውስጥ ይኑር።

ነፍሰ ጡር ካለች አዲስ ምላጭ በማሸጊያው፣ ንጹሕ ሲባጎ፣ ሳሙናና ሁለት የታጠበ ጨርቅ በአንድ ፌስታል ይታሰር። ለሴቶች ሞዴስ ይያዝ። ይህን ወንዶች ሲያዘጋጁ ይረሱታል፣ ስለዚህ ቦርሳው በሴቶች እጅ ይለፍ።

ወረቀትና ብር

ቤት ይሠራል፣ ወረቀት ግን ሲጠፋ ዓመታት ያንከራትታል። የገጠር ሰው የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ የባልና ሚስት ፎቶ ያለበትን፣ ከምንም በፊት ያውጣ። የከተማው ሰው ካርታውን። ከዚያ መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃና የክትባት ካርድ፣ የጤና መድኅን ካርድ፣ የባንክ ደብተር። ሁሉም በድርብ ላስቲክ ታሽጎ ከሰውነት ጋር ይታሰራል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ቦርሳ ይጣላል፣ ይሰረቃል።

ፋይዳ ያወጣ ሰው ትንሽ ይቀለዋል። ምዝገባው በጣት አሻራ፣ በዓይንና በፊት ምስል ስለሆነ ካርዱ ቢጠፋም ማንነቱ መዝገብ ላይ አለ። ቁጥሩን ጻፉና ያዙ። የሌላውንም ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሱና ሩቅ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ፣ ዛሬ ኔትወርክ እያለ።

ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ ውሃ አያጠፋውም። ስልኩ ሲሞት የእናቱን ቁጥር የማያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ቴሌብር ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም፤ ስለዚህ ጥሬ ብር፣ ዝርዝር፣ በሁለት ሰው ተከፍሎ።

ኬላ ላይ ጥርጣሬ የሚያመጣ ነገር ደግሞ አትያዙ። የወታደር ቀለም ያለው ቦርሳም ሆነ ጃኬት፣ ረጅም ቢላ፣ ባይነኩላር፣ ሁሉም ይቅር። ምላጭ ለመቁረጥ ይበቃል።

ሰው

ልጆች ልብስ ላይ ከውስጥ በኩል ስም፣ የወላጅ ስምና ስልክ የተጻፈበት ጨርቅ ስፉ። ከውጭ ከሆነ ማንም ስሙን ጠርቶ ልጁን ሊወስደው ይችላል። ሁለት መገናኛ ተስማሙ፦ አንዱ ቅርብ፣ ለምሳሌ የሰፈሩ ትምህርት ቤት፤ ሌላው ሩቅ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት። የጠፋ ሰው ካለ ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተሰቦችን በነጻ ያፈላልጋል። አምቡላንሳቸው 907 ነው።

ሽማግሌ ወላጆች ብዙ ጊዜ «እኔ የትም አልሄድም፣ እዚሁ ልሙት» ይላሉ። በዚያች ሰዓት መጨቃጨቅ ጊዜ ይበላል። አሁን፣ ሰላም ሳለ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ «እማዬ፣ ለሦስት ቀን ያህል እነ እገሌ ቤት ነው» ብላችሁ ተነጋገሩ። የሷ ጸሎት መጽሐፍና መቁጠሪያ ቦርሳው ውስጥ ቦታ ይኑረው። ክብደቱ ትንሽ ነው፣ እሷን ግን ከቤት ያስነሳታል።

ስትወጡ እሳቱን አዳፍኑ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፣ ከብቶቹን ፍቱ። ታስሮ የቀረ ከብት ውሃ ፍለጋ እንኳ መሄድ አይችልም።

ቦርሳው ሲዘጋጅ አንድ እሑድ ሁላችሁም ተሸክማችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ሂዱ፣ ዳገት ያለበትን መርጣችሁ። የትኛው ማንገቻ እንደሚቆርጥ፣ የትኛው ልጅ ቶሎ እንደሚደክም እዚያ ይታያል። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረምና ግንቦት ላይ፣ ፍቱትና እንደገና እሰሩት። በሶው ይበላ፣ አዲስ ይግባ። ለልጆቹ የጠበበ ልብስ ይቀየር። የመድኃኒቱና የውሃ ማከሚያው ቀን ይነበብ። የባትሪ ድንጋይ ከባትሪው ተለይቶ ይቀመጥ፣ እንዳይፈስበት። ፓወር ባንክ ካለ በየወሩ ይሞላ።